የአይጥ ፋይብሪኖጅንን በኤላይዛ ኪት መለካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በላብራቶሪ አይጥ (ማውስ) ደም ውስጥ ያለውን ፋይብሪኖጅን በኤላይዛ፣ ማለትም ፕሮቲንን በአንቲቦዲና በቀለም በሚለካው ዘዴ፣ ለሚለኩ ሰዎች ነው። የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ሥራ የጀመራችሁ፣ ላብ ውስጥ በቴክኖሎጂስትነት የምትሠሩ፣ አገር ቤትም ሁኑ ውጭ፣ ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ውጤት ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኪቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው የኪቱ ሳጥን ሳይከፈት በፊት፣ ደሙ ከአይጧ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ስለ ደም አወሳሰድ ረዘም አድርጌ ስጽፍ ታገሱኝ።

ፋይብሪኖጅን ምንድነው? ለምንስ ይለካል?

ጉበት ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው ትልቅ ፕሮቲን ነው። ክብደቱ 340 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። አልፋ፣ ቤታና ጋማ የሚባሉ ሦስት ሰንሰለቶች ሁለት ሁለት ሆነው ተያይዘው ይሠሩታል። ቁስል ሲኖር ትሮምቢን የሚባለው ኢንዛይም ከአልፋና ከቤታ ሰንሰለቶች ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ያነሳል። ያኔ ፋይብሪኖጅኑ ፋይብሪን ይሆንና እርስ በርሱ እየተያያዘ ክር ይሠራል፣ ክሩ የደም ሴሎችን ይይዛል፣ ደሙም ይረጋል። ፋክተር 13 የሚባል ሌላ የደም ፕሮቲን ደግሞ ክሩን አጥብቆ ያስተሳስረዋል።

የሚለካው በሁለት አቅጣጫ ስለሚናገር ነው። ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲነሳ ጉበት ኢንተርሉኪን 6 ከሚባለው የብግነት መልእክተኛ በሚደርሰው ምልክት ብዙ ፋይብሪኖጅን ያመርታል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጠኑ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደም በየትናንሽ ደም ሥሩ መርጋት ከጀመረ ፋይብሪኖጅኑ ያልቃል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ጉበት ክፉኛ ሲጎዳም እንዲሁ። ችግሩ ሁለቱ ነገሮች አንድ አይጥ ላይ በአንድ ጊዜ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። የባክቴሪያ መርዝ የተወጋች አይጥ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፋይብሪኖጅኗ ሊወርድ፣ በማግስቱ ደግሞ ከመደበኛው በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ደም የምትወስዱበትን ሰዓት ከሙከራው በፊት ወስኑ። ለሁሉም አይጦች አንድ ዓይነት ይሁን።

ጤነኛ አይጥ ስንት ይኖራታል?

በአንድ ሚሊሊትር ፕላዝማ (ሳይረጋ ከሴሎቹ የተለየ የደም ፈሳሽ) 2 ሚሊግራም አካባቢ። እንደ ዝርያው፣ እንደ ጾታው፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ኪቱ ከዚህ ከፍም ዝቅም ይላል። ይህን ቁጥር እንደ ሕግ አትያዙት። የራሳችሁ ጤነኛ ቡድን የሚሰጣችሁ ቁጥር ነው መነሻችሁ። ነገር ግን ጤነኛ አይጦቻችሁ 0.1 ሚሊግራም ወይም 20 ሚሊግራም ካወጡ ስሌት ላይ ወይም ናሙናው ላይ የሆነ ነገር አለ። ቁሙና ፈትሹ።

ኪቱ እንዴት ነው የሚሠራው?

ኤላይዛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1971 ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው፤ በዚያው ዓመት ስዊድን ውስጥ ኤንግቫልና ፐርልማን፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ደግሞ ቫን ዊመንና ስኩርስ ለየብቻቸው አወጡት። የፋይብሪኖጅን ኪቶች በብዛት ሳንድዊች የሚባለው ዓይነት ናቸው። የፕሌቱ ዌሎች (ትንንሽ ጉድጓዶች) ታች ላይ ፋይብሪኖጅን የሚይዝ አንቲቦዲ ተለጥፎ ይመጣል። ናሙና ስትጨምሩ ፋይብሪኖጅኑ እዚያ ይያዛል። ታጥቦ ሌላ አንቲቦዲ ከላይ ይጨመራል፣ እሱ ላይ ኢንዛይም አለ። ከዚያ ቲኤምቢ የሚባለው ቀለም ሰጪ ኬሚካል ሲገባ ሰማያዊ ይሆናል። አሲድ ስትጨምሩበት ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫውን 450 ናኖሜትር ላይ ታነባላችሁ። ቀለሙ በጠነከረ ቁጥር ፋይብሪኖጅኑ ብዙ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ዝርዝር ነው፣ የኪቱ መመሪያ ላይ አለ።

የሰው ፋይብሪኖጅን ኪት አለን። ለአይጥ ይሆናል?

አይሆንም። የሰውና የአይጥ ፋይብሪኖጅን ይመሳሰላሉ፣ አንዳንድ አንቲቦዲም ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን የአይጡን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ አይታወቅም፤ ስታንዳርዱም (መጠኑ ታውቆ ለማወዳደሪያ የሚገባው ፋይብሪኖጅን) የሰው ነው። ቀለም ታያላችሁ፣ ቁጥርም ታገኛላችሁ፣ ቁጥሩ ግን ትርጉም የለውም። የሚያሳስተውም ይኸው ቀለም መስጠቱ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ብዙ የሰው ኪቶች ከአይጥ የተሠራ አንቲቦዲ ይጠቀማሉ። ከላይ የሚጨመረው ደግሞ የአይጥ አንቲቦዲን የሚፈልግ ከሆነ፣ ናሙናችሁ ራሱ በአይጥ አንቲቦዲ የተሞላ ስለሆነ፣ ፋይብሪኖጅን ኖረም አልኖረም ዌሉ ሊበራ ይችላል። ለአይጥ የተሠሩ ኪቶች በብዛት የጥንቸል፣ የፍየል ወይም የበግ አንቲቦዲ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አንቲቦዲዎቹ ከየትኛው እንስሳ ናቸው፣ ስታንዳርዱ የአይጥ ነው ወይ፣ በአይጥ ሲትሬት ፕላዝማ (ሲትሬት ደም እንዳይረጋ የሚጨመር ፈሳሽ ነው) ተሞክሯል ወይ።

ፍሪዘር ውስጥ ሴረም ብቻ ነው ያለኝ። በእሱ ልሥራ?

ለፋይብሪኖጅን አይቻልም። ሴረም ማለት ደሙ ከረጋ በኋላ የቀረው ፈሳሽ ነው። ፋይብሪኖጅኑ ፋይብሪን ሆኖ እዚያው የረጋው ደም ውስጥ ቀርቷል። ሴረም ውስጥ የምታነቡት ነገር ካለ ያልረጋ ትራፊ ወይም የተቆራረጠ ስብርባሪ ነው። ይህን የምለው የሰው ድካም ስለሚያሳዝነኝ ነው። ሙሉ ጥናት ተሠርቶ፣ አይጦቹ አልቀው፣ ሁሉም ናሙና ሴረም ሆኖ ይገኛል። ያኔ ምንም ኪት አያድነውም። የመርጋት ፕሮቲን እንለካ ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ ገና ከመጀመሪያው ከእያንዳንዱ አይጥ ጥቂት ፕላዝማ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፕላዝማ ለብዙ ሌላ ምርመራ ይሆናል። ሴረም ግን ተመልሶ ፕላዝማ አይሆንም።

ደሙን እንዴት ልውሰድ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

የአይጥ ደም በጣም ፈጥኖ ይረጋል። መርፌው ሥጋ ሲነካ ቲሹ ፋክተር የሚባለው ነገር ከሥጋው ወደ ደሙ ይገባል፣ መርጋቱም ወዲያው ይጀምራል። ፋይብሪኖጅኑ ስሪንጁ ውስጥ እያለ ያልቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሲትሬት ብታገኘውም የጠፋው ጠፍቷል። ስለዚህ ሲትሬቱ ቀድሞ ስሪንጁ ውስጥ መሆን አለበት። ደሙ ሲገባ እዚያው ይገናኙ።

ሙከራው ላይ አይጧ የምትሞት ከሆነ የተሻለው ጥልቅ ማደንዘዣ ላይ እያለች፣ ልቧ እየመታ፣ ከሆድ ታችኛው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ወይም ከልብ መውሰድ ነው። የ25 ግራም አይጥ አጠቃላይ ደሟ 2 ሚሊሊትር እንኳ በቅጡ አይሞላም፣ ጎበዝ እጅ ከዚያ ላይ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሊትር ያወጣል። ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በኃይል ከሳባችሁ ሥሩ ይጨመደዳል፣ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ደሙም ይቆማል። ከዚያ ሰው መርፌውን እያዞረ መፈለግ ይጀምራል፣ ቲሹ ፋክተሩም እዚያ ላይ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ ገብቶ ደም ካልመጣ ሁለተኛው ሙከራ በአዲስ መርፌና በአዲስ ስሪንጅ ይሁን። ያም ሆኖ ናሙናው ላይ ምልክት አድርጉ።

ከጅራት ጫፍ ቆርጦ ማንጠባጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ደሙ በቆሰለ ሥጋ ላይ እየሄደ ነው የሚወርደው። አይጧ በሕይወት መቀጠል ካለባት ከጉንጭ ወይም ከእግር ደም ሥር ትንሽ መውሰድ ይቻላል፤ ከደሟ 10 በመቶ፣ ማለትም 0.2 ሚሊሊትር ሳያልፍ። ግን ውጤቱ ከአይጥ አይጥ የበለጠ እንደሚለያይ ጠብቁ። በአንድ ጥናት ውስጥ ደግሞ ሁሉም በአንድ ዘዴ ይወሰድ። ግማሹ ከልብ ግማሹ ከጉንጭ ከሆነ የምታወዳድሩት ሕክምናውን ሳይሆን የደም አወሳሰዱን ነው።

ደሙን ከወሰዳችሁ በኋላ መርፌውን ከስሪንጁ ንቀሉና በስሪንጁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ቱቦ አውርዱ። በቀጭን መርፌ ውስጥ መልሶ መግፋት ሴሎቹን ይሰብራል። ቱቦውን ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፣ አትነቅንቁ። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሱና በግድግዳው ላይ ሲወርድ እዩት። ክር የመሰለ ነገር ከታየ፣ ፒፔቱ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ካለ ረግቷል። ያን ናሙና ጣሉት። እንስሳ የሞተበት ናሙና መጣል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የረጋ ናሙና ቁጥር ዳታ ውስጥ ገብቶ የሌሎቹን አይጦች ሞት ከንቱ ያደርጋል።

ሲትሬት ይሻላል ወይስ ኢዲቲኤ?

ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። ለኤላይዛ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ኪታችሁ የፈቀደውን ተከተሉ። የመርጋት ጊዜንም የምትለኩ ከሆነ ሲትሬት ውሰዱ፣ ኢዲቲኤ ለዚያ አይሆንም። ሄፓሪን የሚባለው ሌላው መርጋት ከልካይ ለመርጋት ምርመራ ያስቸግራል፣ ተዉት።

ሲትሬት የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን አስተውሉ። ደንቡ 1 እጅ 3.2 በመቶ ሲትሬት ለ9 እጅ ደም ነው። ሲትሬቱ ፈሳሽ ስለሆነ ፕላዝማውን ያቀጥነዋል። የአይጧ ደም 45 በመቶው ሴል ነው እንበል። 0.1 ሚሊሊትር ሲትሬት ይዛችሁ 0.9 ሚሊሊትር ደም ካገኛችሁ ፕላዝማው 0.495 ነው፣ ከሲትሬቱ ጋር 0.595 ይሆናል። ያም ማለት ንባባችሁ ከእውነተኛው 17 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል። ለሁሉም እኩል ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። አሁን ደግሞ ከአንዷ አይጥ 0.4 ሚሊሊትር ብቻ ወጣ እንበል። ፕላዝማው 0.22፣ ከሲትሬቱ ጋር 0.32 ነው። ንባቡ 31 በመቶ ወረደ። አይጧ ምንም ሳትሆን፣ ደም ስላነሰ ብቻ፣ ፋይብሪኖጅን ያነሳት መሰለ።

የታመሙት አይጦች ደግሞ ብዙ ጊዜ ደም የሚያንሳቸው ናቸው። ይህ ስህተት በአንድ ቡድን ላይ ብቻ ተከማችቶ የሕክምና ውጤት ይመስላል፣ ማንም ሳያውቀው ጽሑፍ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ምን ያህል ደም እንደወጣ ለእያንዳንዷ አይጥ ጻፉ። ትንሽ ደም እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ሲትሬቱን በልኩ ቀንሱ፦ 0.5 ሚሊሊትር ደም የምትጠብቁ ከሆነ ከመጀመሪያው 0.055 ሚሊሊትር ሲትሬት ያዙ። ደረቅ ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ይህ ጣጣ የለበትም። ግን የሲትሬትና የኢዲቲኤ ናሙና በአንድ ጥናት አትደባልቁ።

ሴንትሪፊውጁና ማስቀመጡስ?

1,500 እስከ 2,000 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ)፣ ለ15 ደቂቃ፣ ቶሎ። ላይኛውን ፕላዝማ ስትወስዱ ከሴሎቹ በላይ ትንሽ ትታችሁ አቁሙ። በየ20 ወይም 30 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስገቡ። ለአንድ ምርመራ የሚበቃውን ብቻ በአንድ ቱቦ ካደረጋችሁ ደጋግሞ ማቅለጥ አይኖርም።

ማቅለጡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፕሮቲን ስለሆነ በበረዶ ላይ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ ይባላል። ለፋይብሪኖጅን ይህ ተቃራኒ ነው። የቀዘቀዘ ፕላዝማ ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ ፋይብሪኖጅን፣ ፋክተር 8 እና የቮን ቪለብራንድ ፋክተር የሚባሉት የመርጋት ፕሮቲኖች ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይወርዳሉ። የደም ባንኮች ክራዮፕሪሲፒቴት የሚያዘጋጁት ሆን ብለው በዚህ መንገድ ነው። እናንተ ያን ዝቃጭ ሳታዩ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ከቀዳችሁ ፋይብሪኖጅኑን ታች ትታችሁት ሄዳችሁ። 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቅልጡ፣ ቀስ ብላችሁ አዋህዱ፣ ከዚያ ወዲያው ሥሩ።

ፕላዝማው ቀይ ሆነብኝ። ልጣለው?

ትንሽ ሮዝ ከሆነ ናሙናው በጣም ስለሚቀጥን ቀለሙ ራሱ ንባቡን እምብዛም አይነካም። እኔን የሚያሳስበኝ ቅላቱ ስለ ደም አወሳሰዱ የሚናገረው ነው። ሴሎቹ ከፈነዱ መርፌው አስቸግሯል ማለት ነው፣ መርጋትም ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ጠንከር ያለ ቀይ ከሆነ አስወጡት። ግን መስፈርቱን ውጤት ሳታዩ በፊት ወስኑ። ቁጥሩ ደስ ስላላለን ናሙና ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

ስንት ጊዜ ላቅጥነው?

ፋይብሪኖጅን እጅግ ብዙ ነው፣ ኪቱ ደግሞ የሚያነበው በናኖግራም ነው። 2 ሚሊግራም ማለት 2,000,000 ናኖግራም ነው። 40,000 ጊዜ ብታቀጥኑት 50 ናኖግራም ይመጣል፣ ብዙ ኪቶች ላይ ከርቩ (ከስታንዳርዶቹ ንባብ የሚሠራው መስመር) መሃል አካባቢ ያርፋል። የእናንተ ኪት መመሪያ የሚለውን ተመልክታችሁ ቁጥሩን አስተካክሉ።

በአንድ ዝላይ አትሂዱ። 10 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ወደ 990 ማይክሮሊትር ማቅጠኛ፦ 100 ጊዜ። ከዚያ ላይ እንደገና 10 ወደ 990፦ 10,000። ከዚያ 250 ወደ 750፦ 40,000። በየደረጃው ቲፕ ቀይሩ፣ በየደረጃው በደንብ አዋህዱ። ቲፑን ፈሳሹ ውስጥ ጥልቅ አድርጋችሁ አትንከሩ፤ ቲፑ ውጪ ላይ የተጣበቀ ጠብታ 10 ማይክሮሊትሩን 11 ወይም 12 ያደርገዋል። ይህ ስህተት ደግሞ እስከ መጨረሻው ይባዛል። በ1 ወይም በ2 ማይክሮሊትር የሚጀምር ሰው ከኪቱ ስህተት ይልቅ የእጁን ስህተት እየለካ ነው።

መጀመሪያ ሙሉ ፕሌት አትጫኑ። አንድ ጤነኛና አንድ የታመመ ናሙና ወስዳችሁ 10,000፣ 20,000፣ 40,000ና 80,000 ላይ ሞክሩ። በማቅጠኛው ቁጥር ስታባዙት ሁሉም ወደ አንድ ውጤት ከመጡ ኪቱ ናሙናችሁን በትክክል ያነባል። እየወጣ ወይም እየወረደ ከሄደ ናሙናው ውስጥ የሚያውክ ነገር አለ፣ ወይም ወፍራሞቹ ኪቱን ሞልተውታል። በጣም የወፈረ ናሙና አንዳንድ ኪት ላይ፣ በተለይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ በሚጨመርበት ላይ፣ ጭራሽ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ከፍተኛ የሆነችውን አይጥ ዝቅተኛ አድርጎ ያሳያችኋል።

አንድ ፕሌት ስንት አይጥ ይይዛል?

96 ዌል አለው። 7 ስታንዳርድና 1 ባዶ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሲሆን 16 ዌል ይሄዳል። 80 ይቀራል። ሁለት ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ማረጋገጫ ናሙና) ከጨመራችሁ 38 ናሙና በጥንድ ይሠራል። የአይጦቻችሁ ቁጥር ከዚያ ካለፈ ሁለት ፕሌት ያስፈልጋል፣ ያኔ ቡድኖቹን በሁለቱም ላይ አደባልቁ። ጤነኞቹን አንዱ ላይ፣ የታመሙትን ሌላው ላይ ካደረጋችሁ የፕሌቱን ልዩነት ከበሽታው ልዩነት መለየት አይቻልም። አንድ የጋራ ፕላዝማ ደግሞ አዘጋጅታችሁ ሁለቱም ፕሌት ላይ አስገቡ።

ላባችን ይቀዘቅዛል። ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። መመሪያው የክፍል ሙቀት ሲል ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ በክረምት፣ ማሞቂያ የሌለው ላብ ጠዋት ላይ ከዚያ በታች ይሆናል። አንቲቦዲውም ኢንዛይሙም ይዘገያሉ፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ሰዓቱን በግምት አታስረዝሙ። 25 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ኢንኩቤተር ተጠቀሙ፣ ፕሌቱን በክዳኑ ሸፍኑ። ሪኤጀንቱ ሁሉ ከፍሪጅ ወጥቶ ሙቀቱ ሳይስተካከል አትጀምሩ። ፕሌት ላይ ፕሌት አትደርቡ፣ የዳር ዌሎቹና የመሃሎቹ እኩል አይሞቁም።

ባዶው ዌል ራሱ ቢጫ ሆነ። ምን ልሥራ?

መጀመሪያ አስተጣጠባችሁን እዩ። ዌሉ እስከ አፉ ይሞላ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ይደፋ፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ በደንብ ይመታ። ቲኤምቢው ሳይጨመር በፊት ራሱ ሰማያዊ ከሆነ ተበክሏል። ናሙና የነካ ቲፕ ሪኤጀንት ውስጥ ገብቶ ከሆነም ይኸው ነው።

በተቃራኒው ምንም ቀለም ካልመጣ ደግሞ ማጠቢያው ወይም ማቅጠኛው ውስጥ ሶዲየም አዛይድ እንዳለ ፈትሹ። አዛይድ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ሌላ ላብ የተወልን ቡፈር ነው ብሎ የተጠቀመ ሰው ብዙውን ጊዜ መልሱን እዚያ ያገኛል።

ከርቩን በኤክሴል ቀጥታ መስመር ልሥራው?

ባትሠሩት ይሻላል። የኤላይዛ ከርቭ የኤስ ቅርጽ ነው። አራት ፓራሜትር የሚባለውን ስሌት ተጠቀሙ፣ በነፃ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች አሉ። ከከፍተኛው ስታንዳርድ በላይ ወይም ከዝቅተኛው በታች ያረፈ ናሙና ቁጥሩን አትመኑት፣ የምታቀጥኑበትን መጠን ቀይራችሁ ድገሙት። ጥንዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈም ድገሙ። ውጤቱን ባቀጠነበት ቁጥር ማባዛት የረሳ ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

ሁለት የተለያዩ ኪቶች የተለያየ ቁጥር ሰጡን። የትኛው ልክ ነው?

ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ስታንዳርዱን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ያዘጋጃል፣ አንቲቦዲዎቹም የተለያየ የፕሮቲኑን ክፍል ይይዛሉ። አንዳንዱ የተቆራረጠውን ፋይብሪኖጅን ጨምሮ ይቆጥራል። ስለዚህ አንድ ጥናት በአንድ ኪት፣ ቢቻል በአንድ ምድብ ቁጥር ይለቅ። የእናንተን 2.1 ከሌላ ሰው 2.8 ጋር አታወዳድሩ። የታመመውን ከራሳችሁ ጤነኛ ቡድን ጋር አወዳድሩ።

ኤላይዛው ደህና ካለ ደሙ በደንብ ይረጋል ማለት ነው?

አይደለም። ኤላይዛ ፕሮቲኑ አለ ወይስ የለም፣ ምን ያህል ነው የሚለውን ነው የሚነግራችሁ። ይሠራል ወይ የሚለውን አይመልስም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለ። ተመራማሪዎች ትሮምቢን እንዳይቆርጠው ተደርጎ የአልፋ ሰንሰለቱ የተቀየረ ፋይብሪኖጅን ያላቸው አይጦች ሠርተዋል። ደማቸው ውስጥ ያለው የፋይብሪኖጅን መጠን እንደ ጤነኛ አይጥ ነው። ፋይብሪን ግን አይሆንም። የእነዚህን አይጦች ፕላዝማ ኤላይዛ ላይ ብታስገቡ ምንም ችግር የለም ይላችኋል።

ሥራውን ለመለካት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ ያለ የክላውስ ዘዴ አለ። የቀጠነ ፕላዝማ ላይ ብዙ ትሮምቢን ይጨመርና እስኪረጋ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ዕድሉ ካላችሁ ሁለቱንም ሥሩ። ኤላይዛው መደበኛ ሆኖ ክላውሱ ከወረደ ፕሮቲኑ አለ ግን አይሠራም፣ ወይም ሥራውን የሚከለክል ነገር አለ። ሁለቱም ከወረዱ ፕሮቲኑ ራሱ አንሷል። ይህ ልዩነት አንዳንዴ የጥናቱ ዋና ግኝት ይሆናል።

ጥሩ ኔጋቲቭ ኮንትሮል ከየት አገኛለሁ?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ ፋይብሪኖጅን ጨርሶ የሌላቸው አይጦች አሉ። አንዳንዶቹ እንደተወለዱ ይደማሉ፣ ብዙዎቹ ግን ያድጋሉ። የእነሱን ፕላዝማ ጥቂት ማይክሮሊትር የሚሰጣችሁ ላብ ካገኛችሁ ከዚያ የተሻለ ኮንትሮል የለም። ኪታችሁ በዚያ ፕላዝማ ላይ ቀለም ከሰጠ ሌላ ነገር እየያዘ ነው። ካላገኛችሁ ቢያንስ ማቅጠኛ ብቻ ያለበት ዌል፣ እንዲሁም የሚታወቅ ስታንዳርድ የተጨመረበት ፕላዝማ ይኑራችሁ። የጨመራችሁት ከ80 እስከ 120 በመቶ ተመልሶ ከተነበበ ጥሩ ነው።

እኛ የምንሠራው በስዊስ አልቢኖ ነው፣ ወባ ላይ። የሚለየው ነገር አለ?

አለ። በእኛ አገር የፋርማሲና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ውስጥ የባህል መድኃኒት የሚሞከርባቸው አይጦች በብዛት ስዊስ አልቢኖ ናቸው። እነዚህ እንደ ሲ57 ብላክ 6 አይጦች አንድ ዓይነት ዘር የላቸውም፣ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ስለዚህ የፋይብሪኖጅኑ ቁጥር በአንድ ቡድን ውስጥ ሰፋ ብሎ ይበተናል። የአይጥ ቁጥር ስታሰሉ ከውጭ ጽሑፍ ላይ የተገኘ የብላክ 6 ቁጥር አትውሰዱ፣ የራሳችሁን ጤነኛ አይጦች ስርጭት ተጠቀሙ። ወንድና ሴትም አታደባልቁ፣ እርጉዝ አይጥ ደግሞ ከነጭራሹ አትግባ።

ፕላዝሞዲየም በርግሃይ (የአይጥ ወባ ተውሳክ) የተሰጣቸው አይጦች ላይ ሁለቱም ኃይሎች አሉ። ብግነቱ ፋይብሪኖጅኑን ወደ ላይ ይገፋል፣ የደሙ መርጋት ደግሞ ወደ ታች ይጎትታል። አንድ ቀን ላይ ብቻ ለክታችሁ ለውጥ የለም ከማለት በኢንፌክሽኑ መጀመሪያና መጨረሻ ሁለት ቡድን ብትለኩ ይሻላል። የደም ማነስም አለ። ቀይ ሴሉ ሲያንስ ፕላዝማው ይበዛል፣ ያው ሲትሬት አሁን የሚያቀጥነው ከፊተኛው ባነሰ ነው። የሴሉን መቶኛ ከለካችሁ ቀደም ያሳየሁትን ስሌት በእያንዳንዷ አይጥ ላይ መሥራት ትችላላችሁ።

ከውጭ ስናዝ ምን እንጠንቀቅ?

ኪቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ ኢንዛይም ያለበት ጠርሙስ ደግሞ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። የማስገቢያ ወረቀቱን ኪቱ ሳይነሳ በፊት ጨርሱ። ዓርብ ቦሌ እንዲደርስ አታድርጉ። ሻጩ ለስንት ቀን የሚበቃ ማቀዝቀዣ እንደሚጨምር ጠይቁ፣ የማለቂያው ቀንም ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ሲደርስ ሳጥኑን ወዲያው ክፈቱና ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ መሆኑን አይታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቅሬታ ቢኖር ማስረጃው እሱ ነው። መብራት ለአጭር ጊዜ ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ። ረጅም ከሆነ በበረዶ ከረጢት ያዙት፣ ግን ኪቱ በረዶውን እንዳይነካ ወረቀት አድርጉበት።

ይህን ኪት ለታካሚ ደም መጠቀም ይቻላል?

በፍጹም። የአይጥ ነው፣ ለምርምር ብቻ ተብሎ ነው የሚሸጠው። የሰው ፋይብሪኖጅን መለካት ካስፈለገ ክላውስ የሚሠራ የሆስፒታል ላብራቶሪ ይላካል።